የአባባን ሲሊንደር በምን እንሞርደው?

ሲጀመር አንድ ነገር እንናዘዝ። እኛ መካኒክ አይደለንም። ወንድምና እህት ነን። አንዳችን ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ ይውላል፤ አንዳችን የሰው ሒሳብ ስትደምርና ስትቀንስ ትውላለች። እጃችንን ግሪስ የሚነካው በዓመት ሁለቴ፣ ለገናና ለፋሲካ አሰላ ወላጆቻችን ቤት ስንሄድ ብቻ ነው። ታዲያ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ከገና እስከ ፋሲካ 2017 ዓ.ም. ድረስ ስለ አንድ መሞረጃ መሣሪያ ሲጨቃጨቁ ከረሙ ብንላችሁ ትስቁብናላችሁ። ሳቁ። እማማም ስቃብናለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ በግብርና መሥሪያ ቤት ነው የሠሩት። ከገበሬ ገበሬ፣ ከቀበሌ ቀበሌ የዞሩት በአንዲት ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ነው። መሥሪያ ቤቱ "አገልግሎቷን ጨርሳለች" ብሎ ጨረታ ሲያወጣባት ተጫርተው የገዟት እሳቸው ናቸው። እኛ ልጆች ሆነን የአባባ መምጣት የሚታወቀን በድምፅም በሽታም ነበር። መጀመሪያ ያ "ብርርር-ጠጠጠ" የሚለው የቱ ስትሮክ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ግቢውን ይሞላዋል። እስከ ዛሬ ያንን ሽታ መንገድ ላይ ስናገኝ ዞር ብለን እናያለን።

የገና ዕለት አባባ እማማን አፈናጠው ዴራ ዘመድ ጥየቃ ሄዱ። መውረዱ ቀላል ነው። መመለሱ ግን ከዴራ እስከ ኢተያ ዳገት ነው። ማታ ሲመጡ ፊታቸው ጠቁሯል። "ሦስተኛ ማርሽ አልሸከም አለችኝ። በሁለተኛ እያቃሰተች ነው የመጣችው" አሉን። ቆየት ብለው ደግሞ "እሷም እንደኔ አርጅታለች" አሉ። እንግዲህ ይህችን ቃል የሰማ ልጅ ዝም ብሎ እንዴት ይተኛል?

በዚያው ሌሊት ወሰንን። ሞተሯን "ፖርት" እናደርጋታለን!

ፖርት ማድረግ ምንድን ነው ለምትሉ፣ እንደገባን እናስረዳ። መኪና ላይ ያለው የተለመደው ሞተር (ባለ አራት ምቱ) አየርና ነዳጅ የሚያስገባውም፣ የተቃጠለውን የሚያስወጣውም በቫልቭ ነው። ቱ ስትሮክ በሲሊንደሩ ላይ ቫልቭ የለውም። በምትኩ የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ መስኮቶች አሉ። ፒስተኑ ሲወርድና ሲወጣ መስኮቶቹን ይከፍታቸዋል፤ ይዘጋቸዋል። አንዱ መስኮት ጭሱ ወደ ማርሚታ የሚወጣበት ነው። ሌሎቹ ደግሞ ከታች፣ ከካርተር ቤቱ፣ አዲስ ድብልቅ ወደ ላይ የሚገባባቸው ናቸው። እንግዲህ የሞተሩ ጠባይ በሙሉ የተጻፈው በነዚህ መስኮቶች ቁመት፣ ስፋትና ቅርጽ ላይ ነው። መስኮቱን በአንዲት ሚሊ ሜትር ከፍ ብታደርጉት ሞተሩ ሌላ ሞተር ይሆናል። ያን ለማድረግ የሚያስፈልገው ደግሞ ውድ ዕቃ አይደለም፤ የሚሽከረከር መሞረጃና የማይንቀጠቀጥ እጅ ነው።

ይህ ዝም ብሎ የጋራዥ ወሬ አይደለም። ዋልተር ካደን የሚባል መሐንዲስ በምሥራቅ ጀርመን፣ ሾፓው ከተማ፣ ኤምዜድ ፋብሪካ ውስጥ በመስኮትና በማርሚታ ቅርጽ ላይ ተጠቦ በ1961 (እንደ ፈረንጆቹ) ከ125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት አወጣ። በሊትር 200 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ወር እሽቅድምድም ላይ የነበረው ጋላቢው ኧርንስት ዴግነር ከስዊድን ውድድር ከድቶ ጠፋና ዕውቀቱን ይዞ ሱዙኪ ገባ። በቀጣዩ ዓመት በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። አያችሁ? ስለ ሲሊንደር ቀዳዳ ማወቅ አገር የሚያስከዳ ምስጢር ነበር! ጎርደን ጄኒንግስ በ1973 ስለ ቱ ስትሮክ ማስተካከል የጻፈውን መጽሐፍ ሁለታችንም ተራ በተራ አነበብነው። አንብበን ስንጨርስ የካደን ልጆች የሆንን መስሎን ነበር።

የቀረን ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። በምን እንሞርደው?

ጋሼ (የአባባ የረጅም ጊዜ መካኒክ ናቸው) መልሱ ቀላል ነው አሉ። "ትራፓኖው ላይ ድንጋይ ፑንታ ግጠሙና ሞርዱት፣ ምን ያከራክራል?" እኛም አላቅማማንም። ከምናለሽ ተራ በኪሎ የሚሸጥ የተጣለ የሞተር ሲሊንደር ለልምምድ ገዝተን መጣን። (ይህን ከሁሉ በፊት ማድረጋችን ለካ በሕይወታችን ከሠራናቸው ብልህ ሥራዎች አንዱ ነበር።) ትራፓኖውን አስነሳን። ፑንታው የመስኮቱን ጠርዝ ሲነካ ጠጠጠጠ ብሎ ዘለለ፤ ከመስኮቱ ወጣ፤ ፒስተኑ የሚሄድበትን ለስላሳ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ገሽልጦት ቆመ።

ሁለታችንም ዝም አልን። ያ ሲሊንደር የአባባ ቢሆን ኖሮ እያልን ማሰብ ነው። የዲቲዋ ሲሊንደር ውስጡ የብረት ካሚቻ ነው። አባባ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ኦቨርሳይዝ አስገብተውላታል። ትንሽ ጭረት በመቦረስ ይነሳል፤ ጥልቅ ጭረት ግን ሌላ ኦቨርሳይዝ ይበላል፤ ኦቨርሳይዝ ደግሞ ያልቃል። ሌላ ሲሊንደር እናገኝ ይሆናል። ግን ያኛው የአባባ ሲሊንደር አይሆንም።

ለምን ዘለለ? ያልተረዳነው ነገር ፍጥነትን ነበር። ተራ ትራፓኖ ቢበዛ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ገደማ ነው የሚዞረው። ትንንሽ የመሞረጃ ፑንታዎች የሚፈልጉት ደግሞ ከ15,000 በላይ ነው። ፍጥነቱ ሲያንስ እያንዳንዱ ጥርስ ብረቱን ላጥ ላጥ በማድረግ ፈንታ ይነክሰዋል። ሲነክሰው መሣሪያው ይዘላል። በዚያ ላይ ትራፓኖ የተሠራው ወደፊት ተገፍቶ ለመብሳት ነው እንጂ ወደ ጎን ተደግፎ ለመሞረድ አይደለም። ኩሽኔታውም ያንን አይወድም።

እንግዲህ ጭቅጭቁ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ወንድምየው መርካቶ ገብቶ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቀጥ ያለ ግራይንደር አየ። ከ500 ዋት በላይ ጉልበት አለው፤ በደቂቃ 28,000 ይዞራል። ሻጩ "ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሀዲድ ይቆርጣል!" ብሎታል። ገዝቶት መጣ። እህትየዋ አንስታ መዘነችው። "ሀዲድ የሚቆርጥ ዕቃ 56 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ምን ይሠራል?" አለች።

ልክ ነበረች። ጉልበቱ ችግር አልነበረውም። ችግሩ ክብደቱና ርዝመቱ ነበር። ሁለት እጅ ሙሉ የሚያስይዝ ዕቃ ጫፉ ላይ ያለችውን የእህል ፍሬ የምታህል ፑንታ ሩብ ሚሊ ሜትር ወደ ግራ ውሰዳት ማለት፣ በአካፋ መርፌ እንደማንሳት ነው። ደግሞም ፈጣን ነው። ስህተት ሠራሁ ብላችሁ እስክታስቡ ስህተቱ አልቋል። ለጠንካራ ሥራ፣ ለምሳሌ የጭሱን መተላለፊያ ከውጪ በኩል በሰፊው ለማስፋት፣ ወደር የለውም። ለጠርዝ ሥራ ግን የልምድ ሰው ካልሆነ አይሆንም። እኛ ደግሞ የልምድ ሰዎች እንዳልሆንን ሲሊንደሩ ላይ ያለው ገሽላጣ ይመሰክራል።

እህትየዋ የመረጠችው በእጅ የሚያዘውን ትንሽዬ ማሽከርከሪያ ነበር። ድሬሜል የሚባለው ዓይነት። (አልበርት ድሬሜል ኩባንያውን አሜሪካ፣ ራሲን ከተማ በ1932 ነው ያቋቋመው። ዛሬ ስሙ ለመላው የዕቃው ዘር መጠሪያ ሆኗል።) እስከ 35,000 ይዞራል፤ እንደ እስኪርቢቶ ነው የሚያዘው። ከሰፈር ልጅ ተውሳ አመጣችው። እውነትም ለእጅ ይጥማል። ግን 3 ሚሊ ሜትር ዘንግ ነው የሚቀበለው፤ ጉልበቱ 150 ዋት ገደማ ነው። ብረቱን ሲነካ ድምፁ ይወርዳል፤ ጫን ስትሉት ይቆማል፤ ሩብ ሰዓት ሲሠራ እጅ ያቃጥላል። ለማለስለስና ጠርዝ ለመስበር ግሩም ነው። ብረት ለማንሳት ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እኛ ካለን የበለጠ ትዕግሥት። ወንድምየው ድል ያደረገ መስሎት ፈገግ አለ።

ሦስተኛው ሐሳብ የአየር ግራይንደር ነበር። ይሄኛው ቀላል ነው፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ፍጥነቱን በጣት ነው የምትቆጣጠሩት። ውጭ አገር ያሉ የሲሊንደር ሠሪዎች ብዙ የሚወዱት እሱን ነው። ጥሩ! ታዲያ አየሩ ከየት ይምጣ? ጎሚስታ ጋ ሄድን። ጎሚስታው ጨዋ ሰው ነው፤ ኮምፕሬሰሩን ፈቀደልን። ግራይንደሩ ግን ሲሠራ በደቂቃ በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር አየር ነው የሚጠጣው። ለጎማ የተሰላች ታንክ ለአንድ ደቂቃ እንኳን አልበቃችውም። ትንሽ ሞረድን፤ ታንኩ ጠጣ፤ ኮምፕሬሰሩ እስኪሞላ ቆምን። ትንሽ ሞረድን፤ ቆምን። በመሐል ባለ ሚኒባሱ ጎማውን ይዞ "ልጆች፣ ልትጨርሱ ነው?" ይላል። በሦስተኛው "ልትጨርሱ ነው" ዕቃችንን ሰብስበን ወጣን።

መልሱን ያገኘነው ያልጠበቅነው ቦታ ነው። የምናውቀው ወርቅ ሠሪ አለ። የፒያሳ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ሲፈርሱ ሱቁን ወደ ሌላ ሰፈር ያዛወረ። ለእህትየዋ ጉትቻ ጥገና ሄደን ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ዓይናችን እጁ ላይ ተተከለ። ሞተሩ ከጭንቅላቱ በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ከሞተሩ እንደ እባብ የሚጣጠፍ ረጅም ዘንግ ወርዶ እጁ ላይ ባለች ቀጭን መያዣ ያልቃል። እጁ የሚሸከመው መያዣዋን ብቻ ነው። ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው በእግሩ ነው፤ እንደ ልብስ ስፌት መኪና። ቀስ ሲል ቀስ ይላል፤ ሲጫን ይፈጥናል። እርስ በርስ ተያየን። ለሦስት ወር ስንፈልገው የኖርነው ዕቃ እኮ ይሄ ነው!

ተጣጣፊ ዘንግ ነው የሚባለው። ወርቅ ሠሪም፣ የጥርስ ቴክኒሻንም፣ እንጨት ቀራጭም ይጠቀምበታል። ከድሬሜሉ የሚበልጠው ሞተሩ ትልቅ መሆን የሚችል መሆኑ ነው፤ እጃችሁ አይሸከመውማ! ከቀጥታ ግራይንደሩ የሚበልጠው እጃችሁ ነጻ መሆኑ ነው። ከአየሩ የሚበልጠው ከተራ ሶኬት ላይ መሥራቱ ነው። (መብራት እስካለ ድረስ፣ እሱን እንዳትረሱት።) ድካም የለውም ማለታችን አይደለም። ዘንጉን አጥብቃችሁ ካጠፋችሁት ይግላል፤ ቶሎም ይበጠሳል። ከግራይንደሩ ያነሰ ነው የሚያነሳው። መያዣውን ግን መቀያየር ይቻላል፤ እንደ ጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ በ90 ዲግሪ የታጠፈ መያዣም አለው።

የዚያ የታጠፈ መያዣ ጥቅም ምን እንደሆነ የገባን ሲሊንደሩን እንደገና ስናየው ነው። የጭስ መስኮቱን ከውጪ፣ ማርሚታው በሚታሰርበት በኩል፣ በቀጥታ መሣሪያ መድረስ ይቻላል። ድብልቁ የሚገባባቸውን መስኮቶች ግን ከታች የምትደርሱት በከፊል ነው። ወደ ሲሊንደሩ የሚከፈተውን አፋቸውን መንካት የምትችሉት ከሲሊንደሩ ውስጥ ሆናችሁ፣ ወደ ጎን ነው። 56 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ቀጥ ያለ ነገር ወደ ጎን አይዞርም። ስለዚህ የሲሊንደር ሠሪዎች ውድ ዋጋ ከፍለው የታጠፈ መያዣ የሚገዙት ለቅንጦት አይደለም። መጀመሪያ የትኛውን መስኮት እንደምትነኩ ወስኑ፤ መሣሪያው ከዚያ በኋላ ራሱ ይመረጣል። እኛ ተገላቢጦሹን ነበር ስንሠራ የከረምነው።

የፑንታውንም ነገር በአጭሩ እንንገራችሁ፤ ገንዘባችሁን እንዳታቃጥሉ። ርካሹ የብረት ፑንታ ካሚቻውን ሲነካ ቶሎ ይደንዛል። ካርባይድ የሚባለው ነው የሚያዋጣው። ድንጋይ ፑንታ ለካሚቻው ብረት ይሆናል፤ ለአሉሚኒየም ግን በፍጹም። አሉሚኒየሙ ድንጋዩ ውስጥ ይሞላና ይለስናል። ካርባይዱም ቢሆን ጥርሱ የተቀራረበ ከሆነ በአሉሚኒየም ይደፈናል፤ ጥርሱ ሰፋ ያለውን ምረጡ፤ በየጊዜው ላምባ ወይም ሻማ አስነኩት። ፑንታው በወፈረ ቁጥር ፍጥነቱን ቀንሱ። ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ በአንድ ዙር ከባለ 6ቱ እጥፍ መንገድ ነው የሚሄደው። ዘንጉ ረጅም የሆነ ፑንታ ደግሞ ባዶውን በሙሉ ፍጥነት አታዙሩት፤ ይጎብጥና ይገርፋል። የዓይን መከላከያ ሳታደርጉ እንዳትጀምሩ፤ የሚበተነው ብናኝ መርፌ ነው። ሌላም አለ። አዳዲስ ሲሊንደሮች ውስጣቸው ካሚቻ ሳይሆን ኒካሲል የሚባል ስስ ልባጥ ነው። እሱ በተሳሳተ ፑንታ ይላጣል፤ ከተላጠ በኋላ በቀላሉ አይመለስም። የናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታጣሩ ምንም አትንኩ።

በቃ፣ ወርቅ ሠሪውን ለምነን ትርፍ ዘንጉንና ሞተሩን ለአንድ ሳምንት ተዋስን። "ወርቅ የነካ ዕቃ ነው፣ አክብሩት" አለን። አሰላ ገባን። ሲሊንደሩን ፈታን። ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አንጥፈን አስቀመጥነው። ልንጀምር ስንል አባባ ሻይ ይዘው ወጡ።

"ስንት ነው የምታነሱት?" አሉ።

"የጭስ መስኮቱን አንድ ሚሊ ሜትር ከፍ እናደርገዋለን" አልን፤ በኩራት።

"ለምን አንድ?"

ዝም።

"እሺ፣ ከፍ ሲል ምን ይሆናል?"

ይህንን እናውቃለን። አንድ ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል መስኮቱ ክፍት የሚሆንበት ጊዜ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ላይ ጉልበት ያገኛል። አልናቸው።

"በከፍተኛ ዙር። ዝቅ ሲልስ?"

ዝቅ ሲል... ጉልበት ይቀንሳል። መጽሐፉም ይላል። አንብበነዋል። ያነበብነው ግን እሽቅድምድም እያሰብን ነው። አባባ ደግሞ እሽቅድምድም አይሄዱም። እማማን አፈናጠው የዴራን ዳገት ነው የሚወጡት። በሦስተኛ፣ በዝግታ።

ከዚያ ምን እንዳሉን ሙሉውን ብንጽፈው ደስ ይለናል። "እኛ ማሳ ላይ አዲስ ዘርና አዲስ ማዳበሪያ በአንድ ጊዜ አንሞክርም። ሁለቱን አብራችሁ ከቀየራችሁ ምርቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? አንድ ጊዜ አንድ ነገር ነው የሚቀየረው። ደግሞ መጀመሪያ መመለስ የሚቻለውን ሞክሩ። የሚቆረጠውን መጨረሻ አድርጉት።" ይህንን ብለው ሻዩን አስቀምጠው ገቡ። ሠላሳ ዓመት ለገበሬ ሲናገሩት የኖሩትን ነገር፣ እኛ ልጆቻቸው የዚያን ዕለት ገና ሰማነው።

የመጀመሪያው መመለስ የሚቻል ነገር ከሰል ነበር። ሲሊንደሩን ደህና አድርገን ስናየው የጭስ መስኮቱ ዙሪያ በደረቀ ከሰል ጠቦ ኖሯል። ማርሚታውም እንዲያው። ልናሰፋው የተነሳነው መስኮት ድሮ የነበረውን ስፋት እንኳን አልያዘም! በእንጨት ፋቅነው (በብረት አይፋቅም፣ ይጭራል)። ማርሚታውን አጸዳን። ገጥመን ዳገቱን ወጣን። በሦስተኛ ከበፊቱ ብዙ ራቀች፤ ግን ከላይኛው መታጠፊያ ላይ ለቀቀች።

ሁለተኛው ዘዴ ከመጽሐፍ ያገኘነው ነው። መስኮቱን ከፍ ማድረግ ትፈልጋላችሁ? እንግዲያው አትቁረጡ፤ ሲሊንደሩን ራሱን ከፍ አድርጉት። ባለ ቶርኖው አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ጓርኒሲዮን ሠራልን፤ ከሲሊንደሩ ሥር አስገባነው። መጭመቂያዋ ስለሚላላ ፍተሻው ፍጹም አይደለም፤ አቅጣጫውን ግን ያሳያል። አሳየንም። ሜዳ ላይ፣ ዙሯ ከፍ ሲል፣ እንደ ጎረምሳ ጮኸች። ወንድምየው ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። ዳገቱ ላይ ግን ከከሰሉ በፊት ከነበረችው ባሰች። አባባ ምንም አላሉም። ጓርኒሲዮኑን አወጣነው። ዋጋው የቶርኖ ሥራ ብቻ ሆነ። ፑንታ ይዘን ቢሆን ኖሮ ዋጋው ሲሊንደሩ ነበር።

ስለዚህ መስኮቱን ከፍ አናደርግም። ሰፋ ማድረጉንም ተውነው። የጭስ መስኮት ስፋት ከሲሊንደሩ ስፋት 70 በመቶ ገደማ ካለፈ ፋሻው ወደ መስኮቱ እየጎበጠ ይነክሳል ይባላል፤ ከዚያ በታችም ቢሆን ለአሮጊት ሞተር ምን አስቸኮለን? የቀረን ሥራ አንድ ነው። ፋብሪካው ካሚቻውንና አሉሚኒየሙን ሲያጋጥም የተወውን እርከን ማለስለስ፤ ከዚያም የመስኮቱን ስለት ጠርዝ በትንሹ መስበር፣ ፋሻው ሳይነካካ እንዲያልፍ።

ይህቺን ሥራ ተጣጣፊው ዘንግ ሠራት። ሞተሩን በረንዳው ምሰሶ ላይ ሰቀልነው። እግር መርገጫው ላይ እህትየዋ፣ መያዣው ላይ ወንድምየው። በኋላ ተቀያየርን። ብረቱን ከመንካታችን በፊት ፑንታው መዞሩን፣ ከማቆማችን በፊት መውጣቱን እያረጋገጥን። የማይነካውን ግድግዳ ወፍራም ላስቲክ ጠቅልለን አለበስነው። ትንሽ ሞርደን እናያለን። ትንሽ ሞርደን በጣታችን እንዳስሳለን። የጠርዙን መጨረሻ በማሽን ሳይሆን በእጃችን፣ በብርጭቆ ወረቀት ጨረስነው። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፈጀብን። ከሲሊንደሩ የወጣው ብናኝ ሲሰበሰብ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ከዚያ በሞቀ ውኃና በኦሞ አጥበን፣ አድርቀን፣ ወዲያው ዘይት ቀባነው። የታጠበ ብረት ለዝገት ጊዜ አይፈጅበትም።

እዚህ ላይ "ሞተሯ በረረች!" ብንል ደስ ባላችሁ። አልበረረችም። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ይህንን በሞረድ መመለስ አይቻልም። የመጣው ጉልበት አብዛኛው ከከሰሉ የመጣ ነው፤ ይህን የምናውቀው አንድ በአንድ ስለሞከርን ነው። ሞረዱ የጨመረው ትንሽ ነው። ያቺ ትንሽ ግን ከላይኛው መታጠፊያ ላይ ነበረች።

የፋሲካ ዕለት አባባ እማማን አፈናጠው ዴራ ሄዱ። እኛ ግቢው በር ላይ ቆመን ጠበቅን። አመሻሽ ላይ ያ ድምፅ መጣ። አባባ ሞተሯን አቁመው ጓንታቸውን እያወለቁ "መታጠፊያውን በሦስተኛ አለፈችው" አሉ። ትንሽ አሰቡና "ድምጿ ግን ተለውጧል" ብለው ገቡ። ሙገሳ ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አልገባንም። እማማ ብቻ ከኋላ ስትወርድ "ዛሬ እንኳን በእግሬ ውረጂ አልተባልኩም" አለች። ለካ በገና ዕለት አባባ ያልነገሩን ነገር ነበር።

ዘንጉን ለወርቅ ሠሪው መለስን። መያዣውን ፈትቶ ውስጡ የብረት ብናኝ አገኘና ደህና አድርጎ ተቆጣን። እዚያው ቁጭ ብለን በቤንዚን አጥበን፣ ግሪስ ቀብተን አስረከብን። ልክ ነው፤ እኛም የሰው ዕቃ እንደዚያ ቢመለስልን እንቆጣለን።

ሀዲድ ይቆርጣል የተባለው ግራይንደርስ? አሰላ ቀረ። አባባ የግቢውን በር ማጠፊያ ሞረዱበት። በሩ አሁን ሲከፈት አይጮኽም።